ትንሿ ድመቴ ነከስ ነከስ ታደርገኛለች፣ ጠልታኝ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ፣ አራት ወር የሆናት ሴት ድመት አለችኝ። ያመጣኋት በጣም ትንሽ ሆና ነው፣ ሰዎቹ ምግብ መብላት ጀምራለች ውሰጃት ስላሉኝ ገና ከእናቷ ስር ሳትጠግብ ነው የወሰድኳት። መጀመሪያ ላይ ጣታችንን ስትነክስ ሁላችንም ደስ ይለን ነበር፣ ጥርሷም አያምም ነበር። አሁን ግን ኮሪደር ላይ ሳልፍ ከበር ጀርባ ዘላ ቁርጭምጭሚቴን ትይዛለች፣ ተኝቼ ብርድ ልብስ ውስጥ እግሬን ካንቀሳቀስኩ አለቀልኝ፣ ላፕቶፕ ላይ ስጽፍ እጄን አቅፋ በኋላ እግሯ እየረገጠች ትነክሰኛለች። ደም አይወጣም ግን ክንዴ በሙሉ ጭረት ሆኗል። ወንድሜ አፍንጫዋን መታ አድርጊያት ይለኛል፣ ጓደኛዬ ደግሞ ውሃ እርጪባት ትለኛለች፣ እኔ ግን ሆዴ አልቻለም። ትልቅ ስትሆን ክፉ ድመት እንዳትሆንብኝም ፈርቻለሁ። ጠልታኝ ነው እንዴ? ምን ላድርግ?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም አልጠላችሽም እህቴ! የጠላ ድመት አጠገብሽም አይደርስ፣ አልጋ ስር ገብቶ ነው የሚቀመጠው፣ ብትጠጊው ደግሞ ጆሮውን ወደ ኋላ አጣጥፎ፣ ጸጉሩን አቁሞ፣ እፍፍ እያለ ያስፈራራሻል። ያንቺዋ ግን ፈልጋሽ ነው የምትመጣው። ምን እያደረገች እንደሆነ ለማወቅ ከፈለግሽ ከመንከሷ በፊት ያለችውን ትንሽዬ ጊዜ አስተውለሽ እያት፦ ሆዷን ወለሉ ላይ ታስተኛለች፣ አይኗ ካልሲሽ ላይ ተተክሏል፣ ብሌኗ ሰፍቶ አይኗ ጥቁር ብቻ ይመስላል፣ ከዛ ዳሌዋን ግራና ቀኝ ወዝወዝ ወዝወዝ፣ ከዛ ዱብ! በፊት እግሯ ጥምጥም ብላ ታቅፍሻለች፣ በኋላ እግሯ ትደበድብሻለች፣ አፏም ስራውን ይሰራል። ይሄ እኮ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አደን ነው። ድመት የሆነ ሁሉ አይጥ የሚይዘው በዚችው ቅደም ተከተል ነው፣ አድብቶ፣ ተንደርድሮ፣ ይዞ፣ ነክሶ። እሷ አሁን ልምምድ ላይ ናት፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚንቀሳቀሰው ያንቺ እጅና እግር ነው።

ጥርሷ ልክ ያጣው ለምን እንደሆነ ደብዳቤሽ ራሱ ይናገራል። የድመት ልጆች አራት ሳምንት አካባቢ ሲሆናቸው እርስ በርስ መታገል ይጀምራሉ፣ አንዷ ጠንከር አድርጋ ከነከሰች የተነከሰችው ትጮህና ጨዋታውን ጥላ ትሄዳለች፣ ወይ መልሳ ትነክሳታለች፣ እናትየዋም ሲበዛባት በእግሯ መታ አድርጋ ታስቆማለች። ጥርስ እስከ የት ድረስ ይፈቀዳል የሚለውን የሚማሩት እዛ ነው፣ ሌላ ትምህርት ቤት የላቸውም። ለዛ ነው ቢያንስ 8 ሳምንት፣ ከተቻለ ደግሞ 12 ሳምንት እስኪሞላቸው ከእናታቸውና ከወንድም እህቶቻቸው ጋር ይቆዩ የሚባለው። ምግብ መብላት ጀምራለች የሚለው ብቻውን መለኪያ አይደለም፣ ሆዷ ጡት ቢተውም ጠባይዋ ገና እዛው እየተሰራ ነው። ይህን የምልሽ እንድትጸጸቺ አይደለም፣ አራት ወር ገና ልጅነት ነው፣ እህቶቿ ያላስተማሯትን አሁን አንቺ ታስተምሪያታለሽ ማለቴ ነው።

ሌላም ነገር አለ፣ እድሜዋ። የድመት የወተት ጥርስ 26 ነው፣ ከሶስት ወር ተኩል፣ ከአራት ወር ጀምሮ እየወለቀ በ30 ቋሚ ጥርስ ይተካል፣ ስድስትና ሰባት ወር ላይ ሲደርሱ ያልቃል። ስለዚህ አሁን ድዷ እየበላት ነው፣ ያገኘችውን ሁሉ ማኘክ ያምራታል። ጫፏ የሾለ ሚጢጢ ነጭ ጥርስ ወለል ላይ ብታገኚ እንዳትደነግጪ፣ ብዙ ጊዜ ግን ስለምትውጠው አታዪውም፣ ምንም አይላትም። የቻርጀርና የኤሌክትሪክ ገመድ ግን በዚህ ጊዜ ከፊቷ ሰብስቢ፣ አደራ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እጅ መጫወቻ አይደለም። ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ ብትይዢ ይሄን ያዢ፣ ሌላው ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው። በጣትሽ ሆዷን እየኮረኮርሽ ወይ እጅሽን ብርድ ልብስ ስር እያስሮጥሽ ማጫወት ይቅር፣ ጓንት አድርጌ ነው ብትዪም ያው ነው፣ እሷ የምትማረው እጅ የሚታደን ነገር እንደሆነ ነው፣ ነገ ጓንቱን ስታወልቂ ልዩነቱን ማን ይነግራታል?

ስትይዝሽስ? ሁላችንም በደመነፍስ የምናደርገው እጃችንን መንጨቅ ነው፣ የሚብሰውም እሱ ነው። የድመት አይን የተሰራው እንቅስቃሴ ለመያዝ ነው፣ በጣም የቀረበን ነገር ደግሞ፣ ከፊቷ አንድ ስንዝር ምናምን የሆነውን ማለቴ ነው፣ አጥርታ አታይም፣ በጢሟና በአፏ ነው የምታውቀው። የሚሸሽ እጅ ለሷ የሚያመልጥ አይጥ ነው፣ አጥብቃ ትይዛለች፣ ክንድሽ ላይ ካሉት ጭረቶች ብዙዎቹም የመጡት ስትጎትቺ ጥፍሯ እየተጎተተ ይመስለኛል። ስለዚህ ዝም በይ። እጅሽን ሙሉ በሙሉ አላሊው፣ እንደሞተ ነገር። ካልለቀቀችሽ ደግሞ ወደ ራስሽ ሳይሆን ቀስ ብለሽ ወደሷ ትንሽ ገፋ አድርጊው፣ የሚታደን ነገር ወደ አዳኙ መጥቶ አያውቅምና ግራ ይገባታል፣ መንጋጋዋ ላላ ሲል ይሰማሻል። ያኔ ቀስ ብለሽ እጅሽን ታወጪያለሽ፣ ትነሺያለሽ፣ ሳታዪያት ሳታናግሪያት ዞር ትያለሽ። ግማሽ ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ ይበቃል፣ ክፍሉን ለቀሽ ብትወጪም ይቻላል። እሷን ይዞ ሽንት ቤት ምናምን መቆለፍ ግን አያስፈልግም፣ ለመያዝ ስትሞክሪ ራሱ ሌላ ትግል ነው የሚሆነው። መልእክቱ አጭር ነው፣ ጥርስ ሲመጣ ጨዋታ ያልቃል። ልክ እህቶቿ እንደሚያደርጉት።

አንዳንዱ ሰው ሲነከስ ‘አይይይ’ ብለሽ ጩኺ ይላል። የሚሰራላቸው ድመቶች አሉ፣ ግን ቀጭን ድምፅ ሲሰሙ ይበልጥ የሚነሳሱም አሉ፣ የታዳኝ ድምፅ ስለሚመስላቸው። እኔ ዝምታውን እመርጣለሁ።

ግን እህቴ ይሄ ግማሹ ነው፣ እዚህ ላይ ከቆምሽ አይሳካልሽም። አደኑን ከሷ ልታወጪው አትችዪም፣ ቦታ ነው ልትሰጪው የምትችዪው። ረጅም ዘንግ ላይ በገመድ የታሰረ ላባ ወይ ጨርቅ ያስፈልግሻል፣ ዋናው ነገር በእጅሽና በጥርሷ መሀል ርቀት መኖሩ ነው። አጫወቱም ዘዴ አለው። ፊቷ ላይ አታወዛውዢው፣ አይጥ ድመት ፊት ላይ አይጨፍርም። ከሷ እየራቀ ይሂድ፣ የሶፋው እግር ጋ ይደበቅ፣ ቆም ይበል፣ ጫፉ ብቻ ትንሽ ይንቀጥቀጥ፣ ከዛ እልም። ያቺ ቆም የምትለዋ ነገር ናት አይኗን የምታሰፋው። በየመሀሉ ደግሞ ትያዘው፣ ጭራሽ ካልያዘች ትናደዳለች፣ የተናደደውን ደግሞ የት እንደምትወጣው አንቺ ታውቂያለሽ። ሌዘር የምትጠቀሚ ከሆነ የሚያዝ ነገር ስለሌለው መጨረሻ ላይ መብራቱን መጫወቻ ላይ አሳርፊላትና እሱን ትያዝ፣ አይኗ ውስጥ ደግሞ በጭራሽ እንዳይገባ።

ለዛ ለኋላ እግር ድብደባዋ ደግሞ ቁመቷን የሚያህል ነገር ስጫት፣ አሮጌ ረጅም ካልሲ ጨርቅ ጠቅጥቀሽበት አፉን ብትሰፊው ይበቃል። ላፕቶፕ ላይ ስትሆኚ አጠገብሽ ይቀመጥ፣ እጅሽን ልታቅፍ ስትመጣ እሱን አሳቅፊያት።

አንድ ጨዋታ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ሶስቴ ብታደርጊ ጥሩ ነው። ድመት በተፈጥሮዋ በጣም የምትነቃው ጎህ ሲቀድና ጸሀይ ስትጠልቅ ስለሆነ ያንቺን እግር በሌሊት የምታድነው ለተንኮል አይደለም፣ ሰአቷ ነው። ስለዚህ አንዱን ጨዋታ አመሻሽ ላይ፣ አንዱን ደግሞ አንቺ ልትተኚ ስትይ አድርጊው፣ እንደጨረሳችሁ እራቷን ስጫት። አድና፣ በልታ፣ ራሷን ልሳ፣ ትተኛለች፣ ተፈጥሮዋ የሚሄደው በዚህ መስመር ነው። ጨዋታ የአደን ስሜትን እንደሚያረካ ደግሞ የተጠና ነገር ነው፣ በ2021 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት ባለቤቶቻቸው በቀን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያጫወቷቸው ድመቶች አድነው ወደ ቤት የሚያመጡት እንስሳ 25 በመቶ ቀንሶ ነው የተገኘው።

ጨዋታው ሲያልቅ ገመዱን ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፊው፣ ክርና ሪባንም እንደዛው። የድመት ምላስ ላይ ያሉት እሾህ መሰል ነገሮች ወደ ውስጥ የዞሩ ስለሆኑ ክር አፏ ከገባ መትፋት ይከብዳታል፣ ትውጠዋለች፣ ክር ደግሞ አንጀት ሰብስቦ እስከ መቅደድ ይደርሳል፣ ኦፕሬሽን ነው ውጤቱ። ከአፏ ወይ ከኋላዋ ክር ወጥቶ ብታዪ አትጎትቺው፣ በቀጥታ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰጃት።

ኮሪደሩን በተመለከተ፣ የምታደባበትን ቦታ ታውቂዋለሽ አይደል? እዛ ከመድረስሽ በፊት ትንሽ ኳስ ወይ የተጠቀለለ ወረቀት ወደ ፊት ወርውሪላት። ከነከሰችሽ በኋላ አይደለም፣ በፊት ነው፣ አለበለዚያ መንከስ ኳስ ያስወረውራል ብላ ትማራለች።

ወንድምሽና ጓደኛሽ ያሉሽን አታድርጊው፣ ሆድሽ እንቢ ማለቱ ትክክል ነው። አፍንጫዋን ስትመቺያት የምታየው ፊቷ ላይ የሚመጣ እጅ ነው፣ ወይ ጨዋታው ሞቀ ብላ ትነክሰዋለች ወይ ደግሞ እጅ መፍራት ትጀምራለች፣ የፈራ ድመት ንክሻ ከተጫዋች ድመት ንክሻ በጣም የባሰ ነው። ውሃም ያው ነው፣ የሚሰራው ጠርሙሱን በያዝሽበት ሰአት ብቻ ነው፣ ምን ማድረግ እንዳለባት አንዳች ነገር አያስተምራትም፣ የምትማረው ካንቺ መሸሽን ነው። አንገቷን ይዞ ማንጠልጠልም ይቅር። ድመት ከቅጣት አትማርም፣ ይሄን የምለው ለሷ አዝኜ ብቻ አይደለም፣ ስለማይሰራም ጭምር ነው።

አንድ የማስጠነቅቅሽ ነገር፣ ዝም ማለት ስትጀምሪ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ሊብስባት ይችላል። ድሮ ይሰራላት የነበረው ለምን እንደቆመ ስላልገባት ጠንከር አድርጋ ትሞክራለች፣ እዛ ላይ ተስፋ ቆርጠሽ እጅሽን ብታወራጪ እንደ አዲስ ትጀምሪያለሽ፣ ብትጸኚ ግን እየላላ ይሄዳል፣ በሳምንታት ነው የሚለካው እንጂ በቀናት አይደለም። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉም አንድ አይነት መሆን አለበት። አንቺ ስታቆሚ ወንድምሽ ማታ ማታ በእጁ የሚያታግላት ከሆነ የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነው፣ አልፎ አልፎ የሚሰራ ነገር እንደውም ሁልጊዜ ከሚሰራው በላይ ስር ይሰዳል። ቁጭ አድርገሽ ይሄን ደብዳቤ አስነብቢው።

ሁለተኛ ድመት ላምጣ ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። በእድሜና በጉልበት የምትመጥናት ጓደኛ ብታገኝ እርስ በርስ ይተራረማሉ፣ እውነት ነው፣ ግን ለንክሻ መድሀኒት ብለሽ ብቻ ሌላ ነፍስ አታምጪ፣ ሁለቱንም ማሳደግ ከፈለግሽ ብቻ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የአንድ አመት ተኩል ወንድ ድመቴ ራሱ መጥቶ ጭኔ ላይ ይተኛል፣ ስዳብሰው ኩርር ኩርር ይላል፣ ከዛ ድንገት ዞሮ እጄን ነከስ አድርጎ ይወርዳል። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ አባቴ፣ ምንም አላጠፉም። ይሄኛው ጨዋታ ሳይሆን ‘ይበቃኛል’ ነው። ድመት መዳበስ ደስ እያላትም ሲረዝም የሚጎረብጣት ፍጥረት ናት፣ ድንገት የመሰለዎትም ነገር ከመምጣቱ በፊት ብዙ ጊዜ ይናገራል፣ በቃል ሳይሆን በጭራው። የጭራው ጫፍ ወዲያ ወዲህ መምታት ይጀምራል፣ ጀርባው ላይ ቆዳው ሽው ይላል፣ ጆሮዎቹ ወደ ጎን ይዞራሉ፣ ኩርርታው ይቆማል፣ ራሱን ወደ እጅዎ ዘወር ያደርጋል። ከእነዚህ አንዷን እንዳዩ እጅዎን አንስተው ጭንዎ ላይ ብቻ ያሳርፉት፣ አያባሩት፣ አያናግሩት። እንዲህ የሚያዳምጠው ሰው ያገኘ ድመት ጥርሱን መጠቀም አያስፈልገውም።

የሚዳብሱበትን ቦታም ይምረጡ። ጉንጩ፣ አገጩ ስር፣ በጆሮዎቹ መሀል፣ እዚህ ብዙዎቹ ይወዳሉ። ሆድና የጭራ ስር ግን ለብዙ ድመት ክልክል ነው፣ ሆዱን ገልብጦ ቢያሳይዎ እንኳ አምኖዎታል ማለት እንጂ ዳብሱኝ ማለቱ ላይሆን ይችላል። ሁለት ሶስቴ ዳብሰው ቆም ይበሉ፣ ራሱን መልሶ እጅዎ ላይ ካሻሸ ይቀጥሉ፣ ካላሻሸ ይተዉት። ጠባዩ ሰሞኑን የተለወጠ ከሆነ ግን፣ ማለትም ድሮ የማይነክሰው አሁን ከጀመረ፣ ወይ የሆነ ቦታ ላይ ሲነኩት ብቻ ከሆነ የሚነክሰው፣ ህመም ሊሆን ይችላልና የእንስሳት ሐኪም ይየው፣ ጥርስ፣ መገጣጠሚያ፣ ቁስል፣ ድመት ህመሟን ደብቃ ነው የምትይዘው።

ጥያቄ፦ የአምስት ወር ድመታችን ከልጄ ጋር ሲጫወቱ ጣቱን ነክሳው ትንሽ ደማ። ልጄ አራት አመቱ ነው። ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ነው የሚመስለው፣ ችላ ልበለው?

መልስ፦ አይሆንም የኔ እህት፣ ችላ አትበዪው። የድመት ጥርስ ቀጭንና ሹል ስለሆነ ላይ ላዩን ትንሽ ቀዳዳ ትቶ አፏ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ወደ ውስጥ ይዞት ይገባል፣ ቆዳው ቶሎ ይገጥምና ውስጡ ይቀራል፣ በተለይ ጣትና እጅ ላይ ጅማትና መገጣጠሚያ ቅርብ ስለሆነ ያስፈራል። በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቢው፣ ያንን ያህል መቆየቱ ለእብድ ውሻ በሽታም የሚመከር ነው፣ ከዛ ዛሬውኑ ሐኪም ይየው። አንቲባዮቲክ፣ የቴታነስና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስፈልገው እንደሆነ የሚወስነው ሐኪሙ ነው፣ ድመቷ ተከትባ እንደሆነና ውጭ ትወጣ እንደሆነ ንገሪው። ቅላት፣ እብጠት፣ ሙቀት በአንድ ቀን ውስጥ ሊመጣ ይችላል፣ ያን ካየሽ ሌሊትም ቢሆን አትጠብቂ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፣ ከዛ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል፣ ስለዚህ ‘የቤት ድመት ናት’ ብለሽ አትለፊው።

ድመቷን አትምቷት፣ ከቤትም አታባርሯት፣ ልጅና የድመት ልጅ ሁለቱም ልክ አያውቁም፣ ልኩን የሚያውቀው ትልቅ ሰው ነው፣ ስለዚህ አንድ ላይ ሲሆኑ አንቺ እዛው ሁኚ። ልጅሽ ዘንጉን ይዞ ቁጭ ብሎ ያጫውታት፣ እየሮጠ ሳይሆን፣ የሚሮጥ ልጅ እግር ለሷ ትልቅ ግብዣ ነው። ‘ስትይዝህ እንደ ድንጋይ ሁን’ ብለሽ እንደ ጨዋታ አለማምጂው፣ ልጆች ይሄን ቶሎ ይይዛሉ። ስትተኛና ስትበላ እንዳይነካት፣ እሷም ልጁ የማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ይኑራት፣ ሲበዛባት የምትወጣበት። ክትባቷን ደግሞ አሁን ተከታተዪ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በአብዛኛው ከ12 ሳምንት ጀምሮ ይሰጣል፣ የአምስት ወር ድመት ካልወሰደች ዘግይታለች ማለት ነው፣ ግን መጀመሪያ ለሐኪሙ ልጁን እንደነከሰችው ተናገሪ፣ አንዳንድ ጊዜ ከመከተቧ በፊት ለ10 ቀን በክትትል ስር እንድትቆይ ይደረጋልና።